መስመር አርባ አንድን ለፈጠሩልን ለክቡር ዋና አርክቴክት

ለክቡር ዋና የሶፍትዌር አርክቴክት
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ከልብ የመነጨ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት እንደሰነበተ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። ወገብዎ፣ ዐይንዎ፣ በተለይም ጉልበትዎ ደህና እንዲሆንልኝ ከልቤ እመኛለሁ፤ ጉልበትዎን ለይቼ ያነሳሁበትን ምክንያት በደብዳቤው መጨረሻ ላይ ይረዱታል። እኛ፣ በሁለተኛው ፎቅ ረጅም ክፍል ውስጥ ጀርባችንን ለመስኮቱ፣ ፊታችንን ለግድግዳው ስክሪን ሰጥተን የሊፍት ኮድ የምንጽፍ ፕሮግራመሮችዎ፣ ደህና ነን ማለት ይቻላል። ሊፍቶቻችንም ደህና ናቸው፤ መቆም ከማብዛታቸው በቀር ሌላ ሕመም የለባቸውም።

ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩትና ለሠራተኛው ሁሉ የላክሁት እርስዎን ለማሳፈር አስቤ እንዳይመስልብኝ አደራ እላለሁ። በግል የጻፍኩልዎ ሁሉ የውሃ ሽታ ሆኖ ስለቀረ ነው። ነገሩ ወዲህ ነው፦ ከፊት ለፊቴ የምትቀመጠው፣ ሁላችንም «ቀስ በሉ» እያልን የምንጠራት ባልደረባዬ ከሥራ ታግዳለች፤ ሰኞ ጠዋት ደግሞ በላይኛው ፎቅ አዳራሽ የዲሲፕሊን ስብሰባው ተቀምጦ ትባረር ወይም ትቆይ እንደሆነ ይወስናል። ክሱ አንድ ሽማግሌ ሊፍት ውስጥ ተዘግተው እንዲቆዩ አድርጋለች የሚል ነው። ከሳሹ እርስዎ ነዎት፤ ማስረጃውም የእርስዎ ነው፤ ማስረጃውን የሚያወጣውን ማሽን የሠሩትም እርስዎ ነዎት። ሥርዓት ወዳድ መሆንዎን ስለማውቅ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ከግልጽነት ስላወጡን እናመሰግናለን። እርስዎ ከመምጣትዎ በፊት የሊፍቱን ኮድ የምንጽፈው እንደ ተራ ሰው ነበር። የምንጽፍበት ቋንቋ ከብረቱ ጋር ተጠግቶ የሚሠራ፣ ሞተር የሚያስነሳና ፍሬን የሚለቅ ቋንቋ ነው፤ ያዘዙትን ያደርጋል፣ ያላዘዙትን አያደርግም። ስለዚህ በሩ ተዘግቷል ወይ ብለን እንጠይቅ ነበር፤ ካልተዘጋ «በሩ አልተዘጋም» ብለን እንጽፍና ሊፍቱን እናቆመዋለን። ቀጥለን ክብደቱ ከልክ አልፏል ወይ፣ ከዚያ ፍሬኑ ለቋል ወይ እያልን እንሄዳለን። አሰልቺ ነበር፤ አልክድም። ጥቅሙ ለጥገና የሚላከው ቴክኒሻን በመቆጣጠሪያው ሣጥን ላይ ያለችውን ትንሽ ስክሪን አይቶ የትኛውን ሽቦ እንደሚነካ ማወቁ ብቻ ነበር።

ታዲያ እርስዎ ከአንድ አጭር ሥልጠና ዐይንዎ በርቶ ተመለሱ። ስብሰባ ጠርተው ይህ ሁሉ «ከሆነ» እና «ካልሆነ» የድንጋይ ዘመን ጽሑፍ መሆኑን ገለጹልን፤ መዳኛችንም ሞናድ እንደሆነ አበሰሩን። ይህን ደብዳቤ ከሰሌዳው ላይ ለሚያነቡት ለበሩ ጥበቃ ወንድሜና ለሒሳብ ክፍሏ እህቴ ልተርጉምላቸው። ሞናድ በአጭሩ አንድን ውጤት አሽጎ ከእጅ ወደ እጅ የሚያሻግር ፖስታ ነው። እያንዳንዱ የሥራ ደረጃ ፖስታውን ይከፍታል፣ የራሱን ይሠራል፣ መልሶ አሽጎ ለቀጣዩ ይሰጣል። አንዱ ዘንድ ነገር ከተበላሸ ፖስታው ባዶ ይሆናል፤ የቀሩትም ባዶነቱን አይተው እጃቸውን ሳያነሱ ያሳልፉታል። እኔ የሞናድ ጠላት አይደለሁም። ለእሱ በተሠሩ ቋንቋዎች ውስጥ ደስ ብሎኝ እጠቀምበታለሁ፤ እዚያ ቋንቋው ራሱ ያውቀዋል፣ ጥንቃቄ ያለው ሰው ሲጽፈውም ፖስታው ለምን ባዶ እንደቀረ የምትናገር ቁራጭ ወረቀት ውስጡ ይተውበታል። የእኛ ቋንቋ ግን ሞናድ የሚባል ነገር በስሙም አያውቅም። እርስዎን ይህ አላገደዎትም፤ በማክሮ አስገቡት። ቁራጯን ወረቀት ደግሞ ውበት ታበላሻለች ብለው ተዉዋት።

ሁለተኛ፣ ለማክሮው እናመሰግናለን። ማክሮ አጭር ቃል ስንጽፍ ከኋላ ሆኖ በረጅም ኮድ የሚተካልን መሣሪያ ነው፤ ለትንሽ ነገር ሲሆን ድካም ይቀንሳል። እርስዎ ግን የሊፍቱን ሕይወት በሙሉ «ፍሰት» በሚባል አንድ ማክሮ ውስጥ ከተቱት። በሩ፣ ክብደቱ፣ ፍሬኑ፣ ሞተሩ፣ የፎቁ ደወል ሳይቀር ፍሰት ሆነ። ስንት ገጽ የነበረው ኮድ መስመር አርባ አንድ ላይ አንድ ጥሪ ሆኖ አረፈ። ለዳይሬክተሮቹ ባሳዩት ስላይድ ላይ በግራ በኩል የእኛ ድሪቶ፣ በቀኝ በኩል የእርስዎ አንድ ንጹሕ መስመር ቆመው ነበር፤ አዳራሹም በጭብጨባ ተናወጠ። ያ ሁሉ ኮድ የት ገባ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ማክሮው ውስጥ ነው ያለው። ማክሮው ደግሞ በሌላ ማክሮ ውስጥ ነው፤ ያም በሌላ ውስጥ፤ የመጨረሻው ውስጥ እስካሁን ከእርስዎ በቀር ገብቶ የተመለሰ የለም።

በዚህ አጋጣሚ ኮዳችንን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ኮምፓይለር የሚልክልንን ደብዳቤዎችም ላመስግን። አንድ ቀን አንዲት ነጠላ ሰረዝ ብረሳ፣ ድሮ ቢሆን «እዚህ ጋ ነጠላ ሰረዝ ጎድሏል» ይለኝ የነበረው ኮምፓይለር ስክሪኑን ሞልቶ፣ ወርዶ፣ አሁንም ወርዶ የሚያልቅ የማይመስል ወቀሳ ላከልኝ። ማክሮው ራሱ የፈለሰፋቸው፣ እኔ ጽፌያቸው የማላውቃቸው ስሞች ተደርድረውበታል። ከዚያ ሁሉ የገባኝ የፋይሌ ስም ብቻ ነበር። ወደ እርስዎ ቢሮ ይዤው ብመጣ ፈገግ ብለው መልእክቱን ከታች ወደ ላይ ማንበብ እንዳለብኝ መከሩኝ፤ ምክርዎን ሰምቼ ከታች ወደ ላይ አነበብኩት፤ ያው ነው።

ሦስተኛ፣ ከሁሉም የበለጠ ምስጋና ያለኝ «የነካ ይጠየቃል» ለሚለው ደንብዎ ነው። ደንቡ ሲወጣ ፍትሐዊ መስሎኝ ነበር። እንደሚታወቀው እያንዳንዷ የኮድ መስመር በማን እጅ መቼ እንደተለወጠች ታሪኳ ይቀመጣል። እርስዎ ይህን ከብልሽት ሪፖርቱ ጋር አገናኙት፤ አንድ ሊፍት በቆመ ቁጥር ማሽኑ ስህተቱ የተነሳባትን መስመር ይለያል፣ መስመሯን በመጨረሻ የነካው ሰው ማን እንደሆነ ይፈልጋል፣ ስሙን በግድግዳው ስክሪን ላይ በትልቁ ያወጣዋል፤ ለሚቀጥለው ሰኞ ስብሰባም መጥሪያውን በራሱ ይልካል። ሰው አያማክርም፤ ሰው ያዳላልና። የዚህን ደንብ ውበት ሲያስረዱን፣ ከእንግዲህ ማንም ጥፋቱን ወደ ሌላ ሊወረውር አይችልም ብለው ነበር፤ ይህችን ቃልዎን ልብ ብያት ይዣታለሁ።

ችግሯ ትንሽ ናት፤ አንድ ጀማሪም ሊያያት ይችል ነበር። ማክሮ ኮዱን የሚዘረግፈው በተጠራባት ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ በማክሮው ሆድ ውስጥ የሚፈጠር ስህተት ሁሉ፣ የበሩም ሆነ የፍሬኑ፣ አድራሻው ሲጠየቅ የሚሰጠው አንድ መልስ ነው፤ መስመር አርባ አንድ። ከተማው ውስጥ ያሉ ሊፍቶቻችን በሙሉ፣ ምን ይጉደልባቸው ምን፣ የሚታመሙት መስመር አርባ አንድ ላይ ነው።

መስመር አርባ አንድን በመጨረሻ የነካችው ደግሞ ቀስ በሉ ነበረች። ምን ብታደርግ ይመስልዎታል? አንዲት ባዶ ቦታ አስገባች፤ ፊደል እንኳ አይደለም። ያንንም ያደረገችው ከላይና ከታች ካሉት መስመሮች ጋር እኩል ሆኖ እንዲታይ እርስዎ ራስዎ ስላዘዟት ነው። ትእዛዝዎን ስትፈጽም አጠገቧ ነበርኩ፤ አውራ ጣቷን ቁልፉ ላይ አሳርፋ፣ ሁለት ጊዜ አይታ ነው የተጫነችው፤ ቀስ በሉ የሚለው ስሟም ከዚህ ጠባይዋ የመጣ ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሴትየዋ የሊፍቶች ሁሉ ባለዕዳ ሆነች። ጠዋት ስንገባ ስሟ ስክሪኑ ላይ ነው፤ ለሻይ ወጥተን ስንመለስ አሁንም ስሟ ነው። አንድ የገበያ ሕንፃ ውስጥ አይጥ ኬብል ብትበላ ስሟ ወጣ። መጀመሪያ እየሳቅን ሻይ እንድትጋብዘን እንጠይቃት ነበር። በኋላ መሳቁን ተውነው፤ እሷ ቀደም ብላ ትታው ነበር።

ወደ እርስዎ መጥታ ይህንኑ እንዳስረዳችዎ አውቃለሁ፤ በሩ ክፍት ስለነበር ሰምተናል። ማክሮው ሁሉንም ስህተት ወደ አንድ መስመር እየሰበሰበው ነውና እባክዎ የውስጡን አድራሻ እንዲናገር እናድርገው አለችዎ። የሰጧት መልስ ማክሮን የሚወቅስ ማክሮ ያልገባው ሰው ነው የሚል ነበር። ወጥታ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። በበኩሌ የዚያን ዕለት ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ፤ አሁን ሆዴም አልቻለም።

አራተኛ፣

አራተኛውን ባዶ የተውኩት ለክብርዎ ነው። በፍሰት ሕግ መሠረት አንዱ ደረጃ ባዶ ከሆነ ከሱ በኋላ ያለው ሁሉ ዝም ተብሎ ይታለፋል፤ ማንም ለምን አይልም፤ ደብዳቤውም እዚህ ላይ በሰላም ባበቃ ነበር። ነገር ግን ይህን የምጽፈው በተራ አማርኛ ስለሆነ፣ ይቅርታዎን እየለመንኩ እቀጥላለሁ።

አምስተኛ፣ ስለ ሽማግሌው። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው፤ ሴት ልጃቸው ዐይናቸውን ልታሳክም የእኛ ሊፍት ወዳለበት አንድ ክሊኒክ ይዛቸው መጥታ፣ እሷ ካርድ ልታወጣ ወረፋ ስትይዝ እሳቸው ቀድመው ሊፍት ውስጥ ገቡ። ሊፍቱ በሁለት ፎቅ መካከል ቆመ። ቴክኒሻናችን ሲደርስ የመቆጣጠሪያዋን ስክሪን ቢያይ «ፍሰት፦ ምንም» የሚል ጽሑፍ አገኘ። ባዶው ፖስታ በመጨረሻ ወደ ሰው ሲደርስ የሚነበበው እንዲህ ነው። ወደ እኛ ደውሎ፣ ምንም ካልሆነ ለምን ቆመ ብሎ ጠየቀን። አጠገቤ የነበረው ባልደረባዬ ስልኩን ለእኔ፣ እኔም ለሌላው አቀበልን፤ ልክ እንደ ፖስታው።

በዚህ መካከል ሽማግሌው ጨለማው ውስጥ ሆነው በበሩ ስንጥቅ በኩል ቴክኒሻኑን ያናግሩታል። እሱ ራሱ እንደነገረኝ፣ አባቴ አይዞዎት፣ አሁን እከፍታለሁ ሲላቸው፣ እሳቸው በተረጋጋ ድምፅ ማሽኑ ምን ይላል ብለው ጠየቁት። ምንም አይልም አላቸው። እንግዲያውስ አንተ የምታየውን ንገረኝ አሉት። ቴክኒሻኑ እጁን አስገብቶ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ሲነካካ ቆይቶ፣ በመጨረሻ የበሩን መዘጋት የሚያሳውቀው ሴንሰር ተፈትቶ አገኘው፤ ጥፍር በምታህል ብሎን የሚታሰር ነገር ነው። በድሮው ኮድ ቢሆን ገና ከመኪናው ሳይወርድ ያውቀው ነበር። ሽማግሌው ሲወጡ ልጃቸው አቅፋቸው አለቀሰች፤ የዐይን ሐኪሙ ሌላ ቀን ተመለሱ ብሏቸው ሄዱ። እኔ በዚህ ተናድጃለሁ፤ ይህን በጨዋ ቋንቋ የምልበት መንገድ አጥቻለሁ።

ስክሪናችን ግን ጥፋተኛውን ወዲያው አወቀ። መስመር አርባ አንድ፤ ቀስ በሉ። እርስዎም ከቢሮዎ ወጥተው፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ መታወቂያዋን ከአንገቷ እንድታወልቅ አዘዟት። በቤቷ ሁለት የእህቷ ልጆችና የታመመች እናት የእሷን እጅ ያያሉ። ይህን ያነሳሁት እንዲያዝኑላት አይደለም፤ ኀዘንዎ ይቅርብን። ያነሳሁት በእኛ ሙያ ሽማግሌ ሊፍት ውስጥ ያስቀረች የሚል ስም የወጣላትን ሰው ሌላ ድርጅት በሩን እንደማይከፍትላት እርስዎም እኔም ስለምናውቅ ነው።

ስድስተኛ፣ ለምድር ቤቱ እናመሰግናለን። እርስዎ ስለማይወርዱበት ልግለጽልዎ፤ አንድ የሙከራ ሊፍት አለን፣ ግድግዳ የሌለው፣ አጥንቱ የሚታይ፣ የቅባት ሽታ ያለው። ቀስ በሉ በታገደች ማግስት እኔና ቴክኒሻኑ ወረድን። የበሩን ሴንሰር ሽቦ ነቀልን፤ መስመር አርባ አንድ፣ ጥፋተኛዋ ቀስ በሉ። መልሰን ሰክተን የሚዛኑን ነቀልን፤ መስመር አርባ አንድ፣ ቀስ በሉ። የፍሬኑንም እንዲሁ። በመጨረሻ ቴክኒሻኑ ነገሩ ጥሞት ሞተሩን ከነመሠረቱ ፈትቶ መሬት ላይ አስቀመጠውና ማስነሻውን ተጫነ። ሊፍቱ ሞተር እንደሌለው አልተናገረም፤ «ምንም» አለ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ደግሞ ስሟ እንደገና ስክሪኑን ሞላው፤ እሷ ቤቷ ተቀምጣ፣ መታወቂያዋ በእርስዎ መሳቢያ ውስጥ ሆኖ። ቴክኒሻኑ ይህቺ ሴትዮ ኃይለኛ ናት ብሎ በጣም ሳቀ፤ እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

ስለሆነም የማቀርበው ልመና አንድ ብቻ ነው። ከሰኞ በፊት ወደ ምድር ቤቱ ይውረዱልን። የፈለጉትን ሽቦ በገዛ እጅዎ ይንቀሉ፤ ሥራው የሚያቆሽሽ ስለሆነ ጓንት እናቀርባለን። ከዚያ ወደ ላይ ወጥተው ስክሪኑን ይመልከቱና፣ ሴትየዋ ያንን ሽቦ እንዴት አድርጋ እንደነቀለችው ለስብሰባው ያስረዱ። ካስረዱ እኔም አብሬያት መታወቂያዬን አወልቃለሁ። ካላስረዱ ግን፣ ማክሮውን እናውጣው፣ በሩ ሳይዘጋ ሲቀር በሩ አልተዘጋም የሚል ሊፍት እንጻፍ፤ እሷም ወንበሯ ላይ ትመለስ። ወንበሯን ማንም አልነካባትም፤ ሹራቧ አሁንም ከኋላው ተንጠልጥሏል።

በእርስዎ ዘመን ስንት ነገር እንደተማርን ቆጥሬ ስለማልጨርስ፣ እጅ እየነሳሁ፣ ጎንበስ እያልኩ፣ ዝምታን ወደ ቴክኖሎጂ ከፍ ስላደረጉልን ደግሜ እያመሰገንኩ፣ ለወደፊቱም ዘመንዎ ያለ እንቅፋት፣ ያለ ጠያቂና ያለ መልስ እንዲፈስልዎ እየተመኘሁ እሰናበታለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ከቀስ በሉ ፊት ለፊት የሚቀመጠው ፕሮግራመርዎ

ግልባጭ፦
ለሠራተኞች ሁሉ
ለቴክኒሻኑ
ለምድር ቤቱ የሙከራ ሊፍት (ሞተሩ ተመልሶ ተገጥሞለታል)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ የመስመር አርባ አንድን ታሪክ ለመጨረሻ ጊዜ ልይ ብዬ ከፈትኩት። ትናንት ከሰዓት በኋላ እርስዎ በገዛ እጅዎ ገብተው፣ ባልደረባዬ ያስገባቻትን ባዶ ቦታ ሰርዘዋል፤ በማብራሪያው ላይም «የቀድሞዋን ሠራተኛ ርዝራዥ ማጽዳት» ብለው ጽፈዋል። ሰኞ ሳይደርስ የቀድሞዋ ስላሏት ግልጽነትዎን አደንቃለሁ፤ ከእርስዎ ያየሁት የመጀመሪያው ግልጽነት ነው። በደንብዎ መሠረት ግን ከትናንት ጀምሮ መስመሯን በመጨረሻ የነኩት እርስዎ ነዎት። ዛሬ ጠዋት በዚያው ክሊኒክ ሊፍቱ እንደገና ቆሟል፤ ደግነቱ ሰው አልነበረበትም። ስምዎ ስክሪኑ ላይ በትልቁ ወጥቷል፤ ሠራተኛው ሁሉ ቆሞ አንብቦታል፤ የሰኞው መጥሪያም ማሽኑ በራሱ ስለሚልከው እስካሁን ሳይደርስዎ አይቀርም። አዳራሹ ላይኛው ፎቅ ነው። የዚህ ሕንፃ ሊፍት ካለፈው ሳምንት ጀምሮ የሚሠራው በፍሰት ስለሆነ፣ በደረጃ ቢወጡ ይሻላል።